«ተማም ነው» ያልኋቸው ልብ

ሐኪም ኢድሪስ ኑሩ ከእኛ ተለይተዋል። ያረፉት ባለፈው ሐሙስ ጧት፣ መተማ ዮሐንስ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ትራሳቸውን እያስተካከሉላቸው ሳለ ነው። ቀብራቸውም የዚያኑ ዕለት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተፈጸመ። ከሽንፋና ከገለጉ በጭነት መኪና ላይ ቁመው የመጡ ሰዎች ነበሩ። አቧራቸውን ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ነው የሄዱት። ሩቅ ሁናችሁ ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ይኸው በእኔ በኩል ስሙ።

እኔ ትዕግሥት እባላለሁ፤ በሆስፒታሉ ጤና መኮንን ነኝ። በአልትራሳውንድ ልብ ማየትን ያስተማሩኝ ሐኪም ኢድሪስ ናቸው። በለቅሶው ድንኳን «የሐኪም ልጅ አይደለሽም ወይ፣ በርቺ እንጂ» እያላችሁ ያጽናናችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ልባችሁ ንጹሕ ነው። እኔ ግን በተናገራችሁ ቁጥር አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልተጽናናሁም። «ስለ እሳቸው አንቺ ጻፊልን» ስትሉኝም እሺ ያልሁት ለማወደስ ብቻ አይደለም። የደበቅኋችሁ ነገር አለ። የሐኪም ኢድሪስን ልብ ያየሁት እኔ ነኝ። በደንብ ሳልመረምረው «ደኅና ነው» ብያቸዋለሁ፤ እሳቸውም አምነውኛል። ይህን ሳልናገር እሳቸውን ላወድስ ብቀመጥ ሌብነት ይሆንብኛል።

ከተማው ሁሉ «ሐኪም» ይበላቸው እንጂ ዶክተር አልነበሩም፤ እንደኔው ጤና መኮንን ነበሩ። ዶክተር ብሎ የጠራቸው ሰው ሲኖር ቶሎ ብለው «ኧረ እኔ የወባ ሐኪም ነኝ!» ይሉ ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በወባና በካላዛር በሽተኞች መካከል ነው። እኛ የቆላ ሰዎች የሚገድለን ትኩሳት ብቻ ይመስለን ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ከወባ ያዳኗቸው ሾፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎች በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ድንገት ግማሽ አካላቸው ሽባ ይሆናል፤ ወይም እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይመጣሉ። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ያመመውንም ሆነ ጣቱን የቆረጠውን የደም ግፊቱን ሳይለኩ አይለቁም ነበር። «ለጥርሴ መጥቼ ክንዴን ያስሩኛል» እያለ የሚያጉረመርም አይጠፋም። እሳቸው እቴ! እየሳቁ ይለኩታል።

አልትራሳውንዱ ወደ እኛ የመጣው ለነፍሰ ጡሮች ነው። ደረት ላይ የሚያርፈው የልብ ማያ፣ ፕሮብ የምንለው፣ ከነላስቲኩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሚያውቅበት ሰው አልነበረማ። ሐኪም ኢድሪስ ፀጉራቸው ሸብቶ ሳለ ጎንደር ሂደው፣ ልጆቻቸው ከሚሆኑ ሐኪሞች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ሲመለሱ ሁለት ደብተር ሙሉ ጽፈው ነበር። ላስቲኩን ቀደው ፕሮቡን አወጡና እኔን ጠሩኝ።

«ነይ አንቺ የጎንደር ልጅ» አሉኝ፤ የሚያሾፉብኝ እንዲህ እያሉ ነበር። «ብቻዬን ካወቅሁት እኔ ስሞት ይኸ ዕቃ ተመልሶ ሣጥን ይገባል።»

የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነበር፦ «ሲገፋ ሁሉም ጀግና ነው። ሲላላ እይው።» ነገሩን ላልሰማችሁት ላስረዳ። ልብ ደሙን ይገፋል፤ ገፍቶ ሲያበቃ ደግሞ ላላ ብሎ አዲስ ደም ይቀበላል። ግፊቱ ገና ከፍ ማለት የጀመረ ሰው ልቡ ጥሩ ይገፋል። ሰውየው ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ምንም አይሰማው። መጀመሪያ የሚጎዳው መላላቱ ነው። የልቡ ግድግዳ ትንሽ ይወፍርና ደም ለመቀበል ይዘገያል፤ ከላይ ያለው ክፍሉም እየተለጠጠ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በአልትራሳውንድ በጊዜ ይታያል፤ የደሙን ፍሰት በሚለካው፣ ዶፕለር በምንለው ክፍሉም በድምፅ ይሰማል፤ ግን ከፈለጉት ነው። ካልፈለጉት ሲገፋ አይቶ ደኅና ነው ብሎ መሄድ ነው።

ለመፈለግ ደግሞ የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በሽተኛው ከላይ ልብሱን ያወልቃል። በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ግራ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል። ያኔ ልብ ወደ ደረቱ ቀረብ ይላል። «ወደ አንቺ እስኪመጣ ጠብቂው እንጂ አትሩጪበት» ይሉኝ ነበር። ባለ እርሻም ይሁን የቀን ሠራተኛ ለሁሉም አሠራሩ አንድ ነው። ሴቶቹ፣ በተለይ የገበያችን እስላም ነጋዴዎች፣ ደረታቸውን መግለጥ ቢከብዳቸው፣ ወይዘሮ ከድጃ በግራ ጡት ሥር ብቻ ክፍት የሆነ ሰፊ የጥጥ ልብስ እንዲሰፉ ሐኪም አደረጉ። አምስት ተሰፋ። ሴቶቹ እሱን ለብሰው እየተሳሳቁ ይተኙ ነበር። ሐኪም ስለ ሰው እፍረት ይህን ያህል ያስቡ ነበር፤ እፍረትን ያከብሩታል፣ ግን ምርመራውን አያስቀሩለትም።

ቢተውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትራክተር ነጂው ነው። በቀብሩ ላይ ከሁላችን በላይ ድምፁ የተሰማው እሱ ነበር። እጁን ብረት ቆርጦት ሊሰፋ መጥቶ ሐኪም ግፊቱን ለኩት፤ ከፍ ብሏል። በሳምንቱ ደገሙት፤ ያው ነው። ቢተው ሳቀ።

«ሐኪም፣ እኔ እኮ ይኸን ሁሉ መሬት ሳርስ ውዬ እህልም እንቅልፍም የማይለየኝ ሰው ነኝ። ምኔ ነው የታመመው?»

«ና፣ ልብህን ላሳይህ።»

በግራ ጎኑ አስተኙትና ስክሪኑን ወደሱ አዞሩለት።

«አየኸው? ይገፋል።»

«ይገፋላ! አላልሁዎትም?»

«ቆይ እንጂ። ትራክተርህ ሲጎትት ቆይቶ ነዳጁን ስትቀንስለት ወዲያው ይረግባል?»

«ደኅና ከሆነማ አዎ።»

«ባይረግብስ?»

ቢተው ስክሪኑን አፍጥጦ አየ። «ባይረግብማ አንድ ነገር ጀምሮታል ማለት ነው» አለ ቆይቶ።

«ያንተም ልብ እንደዚያው ነው። አልተበላሸም፤ ጀምሮታል። ደግነቱ ገና ነው። መድኃኒቱን ዋጥ፣ ጨውህን ቀንስ፤ ከስድስት ወር በኋላ መጥተህ አብረን እናየዋለን።»

በስድስት ወሩ መጣ። ከዚያም በኋላ አልቀረም። ያን ቀን ያተሙለትን የልቡን ፎቶ መታወቂያው ውስጥ አጥፎ ይዞታል፤ በለቅሶው ላይ አውጥቶ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ነበር።

ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ሌላ ሠራተኛ ደግሞ «ኧረ ተወኝ አባቴ፣ እኔ ለአጨዳ ነው የመጣሁ፣ ለልቤ አይደል» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ ሐኪም ትከሻውን ይዘው «እሱም አብሮህ ነው የመጣው» አሉት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሰውየውም ሳቀና ተኛ። ወደ አገሩ ሲመለስ ለዚያ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ወረቀት በእጃቸው ጽፈው፣ ላብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልለው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

እንግዲህ የእኔን ልናገር።

የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር። ከተማው በቀን ሠራተኛ ተጨናንቋል፤ የክፍላችን ማራገቢያ ሙቅ አየር ከመግፋት በቀር የሚፈይደው የለም፤ ሰልፉ በረንዳውን አልፎ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ሐኪም ከጁምዓ መልስ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ገቡና በሩን ዘጉ።

«ትዕግሥት፣ ዛሬ በሽተኛ ነኝ» አሉኝ። «ግፊቴ ከፍ ሲልብኝ ይኸ ሦስተኛዬ ነው። ብዙም አይደል፤ ጫፉ ላይ ነው። መድኃኒት ልጀምር ወይስ ለጊዜው በምግቡ ልሞክር እያልሁ ነው። ልቤ ከተነካ እጀምራለሁ፤ ካልተነካ ትንሽ እቆያለሁ። እንደ ማንም ሰው እይኝ።»

እንደ ማንም ሰው! ስንቱን ሽማግሌ «አባባ፣ ልብስዎን ያውልቁ፤ በግራዎ ይዙሩልኝ» ብዬ ዓይኔን ሳላሽ ያዘዝሁ ሴት ነኝ። ለእሳቸው ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን የጀለቢያው ቁልፍ ላይ አደረጉ። እኔ ሞኟ ቀደም ብዬ፣ «ኧረ ግድ የለም ሐኪም፣ አያውልቁ፤ በአንገትጌው በኩል ይደርስልኛል» አልኋቸው።

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

አይደርስም። እንደማይደርስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጀርባቸው አስተኝቼ ፕሮቡን በአንገትጌው አሾልኬ ደረታቸው ላይ አኖርሁት። ግማሽ ምስል ታየኝ። ልባቸው ይገፋል፤ ጥሩ አድርጎ ይገፋል። ደስ አለኝና በዚያው እጄን አወጣሁ።

«ተማም ነው፣ ሐኪም። እንደ ጎረምሳ ነው የሚገፋው።» ተማም ከሱዳን ወዲህ የተሻገረ ቃል ነው፤ በእኛ ከተማ ነገር ሁሉ ሙሉ ሲሆን እንለዋለን።

ተነሥተው ተቀመጡ። አንገትጌያቸውን አስተካክለው ጠየቁኝ።

«ሲላላስ?»

ጥያቄው ይኸው ነበር። ያስተማሩኝን አንዷን ነገር ነው መልሰው የጠየቁኝ። «ይቅርታ ሐኪም፣ እሱን አላየሁም፤ ይተኙልኝ» ብል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይቃና ነበር። ጀለቢያውን ማውለቅ ነው፣ በግራ መዞር ነው፣ ሌላ ምን አለው?

«እሱም ደኅና ነው» አልሁ።

አላየሁትም። አልለካሁትም። ካርዳቸው ላይ ግን «ደኅና» ብዬ በእጄ ጻፍሁ፤ ፈረምሁበትም። እሳቸውም አመስግነውኝ፣ «እንግዲያው መድኃኒቱን ላቆየው» ብለው ወጡ። ያን ሰሞን ወይዘሮ ከድጃን ገበያ ላይ ሳገኛቸው «ልቡን አየሽለት አሉ፤ ጨውም ትቶልኛል፤ አላህ ይስጥሽ» ብለው ሳሙኝ። እኔም ተሳምሁ።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? አለማወቅ አይደለም። ማሽኑም አልተበላሸም። ሰልፉ ረዝሞ ነበር ልል እችላለሁ፤ ግን ለመጨረሻው የቀን ሠራተኛ እንኳ ያላጓደልሁትን ነው ለእሳቸው ያጓደልሁት። ይሉኝታ ያዘኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ መምህሬ፣ ደረታቸውን ከፍተው እኔ ፊት እንዲተኙ ማዘዝ ድፍረት መሰለኝ። ከይሉኝታው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ለራሴም ያመንሁት በቅርቡ ነው። ፈርቼ ነበር። ቢገኝባቸውስ? ማን አፍ አለኝ ብሎ ይነግራቸዋል? ባላይ ይሻለኛል ብዬ ነው እጄን ቶሎ ያወጣሁት። አክብሮት ነው እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ እንጂ፣ እሳቸውን ማክበር ማለት ልብሳቸውን ማስወለቅ ነበር።

ሌላም ዕድል ነበረኝ። በተከታዩ ክረምት ወደ ገለጉ ለምርመራ ስንሄድ መኪናችን ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሰጠመና የቀረውን መንገድ በእግር ተያያዝነው። ሐኪም አልትራሳውንዱን በቦርሳ ተሸክመው ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሙ። ሁለተኛውን ጊዜ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አየር ሲስቡ አየኋቸው።

«ሐኪም፣ ምነው?»

«እርጅና ነው እንጂ ምን ይሆናል! ልቤንማ አይተሽዋል።»

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ስንደርስ አንዴ ደግሜ ልይዎት» ማለት ብቻ እኮ ነው! ግን ደግሜ ልይ ማለት መጀመሪያ አላየሁም ማለት ሆነብኝ። ወሩ በጨመረ ቁጥር አፌ ይብስ እየተያዘ ሄደ። ያልሁት «ቦርሳውን ይስጡኝ» ብቻ ነው። ሰጡኝ፤ «ተባረኪ» አሉኝ። ገለጉ ደርሰን ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ልብ ስናይ ሰነበትን።

ክረምቱ ሲወጣ እግራቸው አበጠ፤ ጋደም ሲሉም ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ጎንደር ተወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ የኒም ዛፏ ሥር ቁሜ አነበብሁት። የልባቸው ግድግዳ ወፍሯል፤ የላይኛው ክፍል ተለጥጧል፤ ልቡ መላላት አቅቶታል። በአንድ ክረምት የመጣ ነገር አይደለም። ያን አርብ እዚያው ነበረ፤ ጠብቄው ቢሆን ወደ እኔ ይመጣ ነበር። በኋላ አንድ የልብ ሐኪም «በጊዜው መድኃኒት ቢጀምሩ ይድኑ ነበር ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሱን ማን ያውቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አያውቅም። እኔ ግን እዚያ ቃል ሥር መደበቅ አልችልም። መምህሬ ጠየቁኝ፤ እኔ ሳላይ መለስሁ። ይህን አውቃለሁ።

ከጎንደር ተመልሰው ቤት ሲተኙ በየቀኑ እየሄድሁ ግፊታቸውን እለካ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ከድጃ ጎረቤት ሲሄዱ ብቻችንን ቀረን። በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ሐኪም፣ ያን ቀን አልለካሁም» አልኋቸው።

የትኛውን ቀን ብለው አልጠየቁኝም። «አውቃለሁ» አሉ።

እሳቸው ቀጠሉ፤ «ልቡ ሲላላ በዶፕለር ስትለኪ ማሽኑ ድምፅ ያሰማል። አልሰማሁትም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አልሁ እያለቀስሁ። ተቆጣኋቸው ማለት ይሻላል፤ ጥፋተኛዋ እኔ፣ ተቆጪዋም እኔ!

«ደስ ብሎኝ ነዋ!» ሳቅ ብለው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። «እነቢተውን አትፍሩ ስል የኖርሁ ሰውዬ፣ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አንዲት ቁልፍ እንኳ አልፈታሁም። ግድ የለም ስትዪኝ እፎይ አልሁ። ሁለታችን ነን የሠራነው፤ ብቻሽን አትሸከሚው።»

ይህን ያሉት እውነቱ ይህ ስለሆነ ነው ወይስ ሊያቀሉልኝ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የሰው ሸክም መጋራት ልማዳቸው ነበር። እኔ ግን ግማሹን ለእሳቸው አልሰጥም። በሽተኛ ይፈራል፤ መፍራት መብቱ ነው። አለመፍራት የመርማሪው ሥራ ነው።

«ማሽኑ ቦርሳሽ ውስጥ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው አሁን እይኝ።»

ራሳቸው ሸሚዛቸውን አወለቁ። ልረዳቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ትራሱ ላይ ከፍ እንዳሉ፣ እያማጡ በግራቸው ዞሩ፤ ግራ እጃቸውንም ከራሳቸው ሥር አደረጉ። እኔም ጠበቅሁ፤ መጣልኝ። ሁሉንም ለካሁ። ዶፕለሩም ጮኸ። ስጨርስ «ንገሪኝ» አሉ።

«ሐኪም፣ ያውቁት የለም ወይ?»

«እኔ በሽተኛ ነኝ። ለበሽተኛ ይነገረዋል።»

ነገርኋቸው፤ ምንም ሳልቀንስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ያህል ሆነው፣ ዓይኔን እያዩ አዳመጡኝ። ከዚያ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ «ከእኔ ሌላ ይሉኝታ ይዞሽ ያለፍሽው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

የለም ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ስማቸው መጣብኝ። ቤት ያከራዩኝ እትዬ። ካባቸውን ሳያወልቁ በላይ በላዩ ያየኋቸው የንስሐ አባቴ። ሌሎችም ትልልቅ ሰዎች።

«አሉ» አልሁ።

«ጥሪያቸው። እኔ እያለሁ ካፈርሽ፣ እኔ ከሄድሁ በኋላም ቢሆን ጥሪያቸው።»

እሺ አልኋቸው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ግን አንድም ሰው አልጠራሁም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልሁ ሐሙስ መጣ።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ወይዘሮ ከድጃ ዘንድ ሂጄ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ከጋዜጣ ሊሰሙት አይገባምና። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የሐኪምን ልብሶች እያጣጠፉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ገበያ ላይ ስስምሽ ታውቂው ነበር?» አሉኝ።

«አውቀው ነበር።»

«ዛሬ ሂጂልኝ» አሉ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ነገ ግን እንዳትቀሪ።» በማግሥቱ ሄድሁ። ዳቦ አቀረቡልኝ፤ ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲሉኝም አላስቸኩላቸውም።

እናንተም የምታነቡት ወገኖቼ፣ በተለይ አክብሬአችሁ ልብሳችሁን ሳላስወልቅ፣ በግራ ጎናችሁ ሳላስተኛ «ልባችሁ ደኅና ነው» ያልኋችሁ፦ አላየሁትም። ካርዳችሁ ላይ የጻፍሁትን አትመኑት። ተመለሱና እንደገና ልያችሁ። ብትቆጡኝም እየተቆጣችሁ ኑ። የወይዘሮ ከድጃ የጥጥ ልብሶች ታጥበው ተቀምጠዋል።

ሐኪም፣ አሁን ንግግሬ ከእርስዎ ጋር ነው።

ትናንት የንስሐ አባቴ መጡ። «ካባዎን ያውልቁ፣ አባ፤ ቀሚስዎንም» አልኋቸው። እሳቸው «የዛሬውስ ንስሐ የኔ ነው መሰል» ብለው ቀለዱብኝና አወለቁ። በግራቸው አስተኛኋቸው። ጠበቅሁ። ልባቸው ይገፋል፤ ሲላላ ግን ይዘገያል። ገና ጅምር ላይ ነው፤ የላይኛው ክፍል አልተለጠጠም። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው፤ ቁጭ ብዬም ነገርኋቸው። መድኃኒታቸውን ይዘው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ ለእርስዎ አለቀስሁ። ይህ ምርቃት አይገባኝም ብዬ ብቻ አይደለም። ካባ ከማውለቁ ጀምሮ ውጤቱን እስከ መንገር የፈጀብኝን ጊዜ በሰዓቴ አየሁና ነው።

ይቅር ብለውኛል፤ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ራሴን ይቅር ያልሁ ቀን እጄ ተመልሶ በአንገትጌ መግባት ይጀምራል ብዬ እሰጋለሁ፤ ስለዚህ አልቸኩልም። አላህ በራሕመቱ ይቀበልዎ። ደኅና ይሁኑ፣ መምህሬ። እርስዎን የነፈግሁዎት ያችኑ ሩብ ሰዓት ነው።